የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ከሽፋን ሥር ሰርጎ ስለሚገባ ቀለም

ባለፉት ሁለት ወራት ለዚህ ዓምድ ከደረሱት ደብዳቤዎች የሚበዙት በአንድ ጉዳይ ላይ ያተኮሩ ናቸው። ስለዚህ በዚህ እትም ሌሎቹን ጥያቄዎች ለሚቀጥለው አቆይቼ፣ ትንንሽ የሰው ምስሎችንና ከደረት በላይ ብቻ የሚታዩ ግማሽ አካል ምስሎችን በኤርብራሽ፣ ማለትም ቀለምን በአየር ግፊት በሚነፋ ትንሽ መሣሪያ፣ ስንቀባ ቀለም እንዲነካው የማንፈልገውን ክፍል እንዴት እንደምንሸፍን ብቻ እመልሳለሁ። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፤ የጸሐፊዎቹንም ስም ትቼ የመጡበትን ሰፈር ወይም ከተማ ብቻ ጽፌያለሁ። ጥያቄዎቹ የተለያዩ ቢሆኑም መልሴ ደጋግሞ ወደ አንድ ነጥብ ይመለሳል፤ ይኸውም የሽፋኑን ዓይነት ከመምረጣችን በፊት፣ በሁለቱ ቀለሞች መካከል የሚኖረው ጠርዝ በምላጭ እንደ ተቆረጠ ጥርት ያለ ይሁን ወይስ ቀስ እያለ የሚደበዝዝ፣ ያንን መወሰን አለብን የሚለው ነው።

ጥያቄ፦ «በ1 ለ10 መጠን ከሬዚን (በቅርጽ ውስጥ ፈስሶ ከሚጠነክር ፕላስቲክ) የተሠራ የዐድዋ ዘማች ግማሽ አካል ምስል እየቀባሁ ነው። ነጩን ጃኖ ከጨረስኩ በኋላ ቀዩን ጥለት ለመንፋት ከላይና ከታች በወረቀት ፕላስተር ሸፈንኩ። ፕላስተሩን ሳነሣው ግን ቀዩ ቀለም በየእጥፋቱ ሰርጎ ገብቶ ነጩን አበላሽቶታል። ደግሜ ብሞክርም ያው ሆነብኝ። ስሕተቴ የት ላይ ነው?» ከሽምብጥ፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ስሕተቱ ያለው ከፕላስተሩ ሥር በቀረው ክፍተት ነው። ፕላስተር ጠፍጣፋ ነገር ነው፤ የተቀረጸ ልብስ ደግሞ ጠፍጣፋ ቦታ የለውም ማለት ይቻላል። ሰፊ ፕላስተር በሁለት እጥፋቶች ጫፍ ላይ ሲለጠፍ፣ በመካከላቸው ያለውን ጎድጓዳ ሳይነካ እንደ ድንኳን ተወጥሮ ይቀራል፤ ከኤርብራሹ የሚወጣው አየርም ቀለሙን ተሸክሞ በዚያ ዋሻ ውስጥ ይገባል። ፕላስተሩ በሚገባ በተጣበቀበት ቦታ እንኳ ቀለሙ በጣም ቀጥኖና በዝቶ ከተነፋ፣ የኩራዝ ክር ጋዙን ወደ ላይ እንደሚስበው ሁሉ፣ በጠርዙ ሥር ያለችው የፀጉር ያህል ክፍተት ቀለሙን ወደ ውስጥ ትስበዋለች።

ስለዚህ በመጀመሪያ ሰፊውን ፕላስተር ይተዉት። ከጃፓን ዋሺ ወረቀት የሚሠራው ቢጫ የሞዴል ፕላስተር በ6፣ በ10፣ በ18 እና በ40 ሚሊ ሜትር ስፋት ይሸጣል፤ ነገር ግን በእጥፋት ላይ የሚሠራው ከዚያ ተቆርጦ የሚወጣው የ1 ወይም የ2 ሚሊ ሜትር ክር ነው። ፕላስተሩን በመስተዋት ላይ ለጥፈው በአዲስ ምላጭና በብረት ማስመሪያ ይቁረጡት። የጥቅሉ የራሱ ጠርዝ በሱቅና በመሳቢያ ውስጥ አቧራና ጭረት ስለሚይዝ፣ ምንም ያህል ቀጥ ያለ ቢመስል ጥርት ያለ መስመር አይሰጥም። ቀጫጭኑን ክር ከእጥፋቱ ጀርባ ጀምረው ወደ ጎድጓዳው እያወረዱ፣ በስቲኪኒ ጫፍ እየተጫኑ፣ እንደገና ወደሚቀጥለው ጀርባ ያውጡት። ጎድጓዳው ጥልቅ ከሆነና ወረቀቱ አልታጠፍ ካለ፣ ክሩን እጥፋቱ አፋፍ ላይ ቆርጠው ያቁሙትና ጥልቁን ብቻ በፈሳሽ መሸፈኛ፣ ማለትም ተቀብቶ ሲደርቅ እንደ ጎማ በሚላጥ ፈሳሽ፣ ይሙሉት። ይህ ጠርዝ ከተያዘ በኋላ የቀረውን ሰፊ ቦታ፣ ራሱንና ፊቱን ጨምሮ፣ ምግብ በሚጠቀለልበት ስስ ፕላስቲክ ይጠቅልሉት። የቀይ ቀለም ብናኝ ካሰቡት በላይ ርቆ ይሄዳል፤ በነጭ ጃኖ ላይ ሲያርፍም ወዲያው ሳይታይ ቆይቶ ሥራው ሁሉ ሲያልቅ ሮዝ ጉም ሆኖ ብቅ ይላል።

ቀጥሎ ያለውን እርምጃ ብዙዎች ይዘሉታል፤ እኔ ግን ከሁሉ በላይ እርሱን ይዤ እቀራለሁ። ቀዩን ከመንፋትዎ በፊት፣ በፕላስተሩ ጠርዝ ላይ ያንኑ የጃኖውን ነጭ ቀለም፣ ወይም ቀለም የሌለው ቫርኒሽ፣ በስሱ ይንፉበት። ከሥሩ የሚገባ ነገር ካለ የሚገባው ነጩ ነው፤ ነጭ በነጭ ላይ ቢሰርግ ደግሞ ማንም አያየውም። ያ ነጭ ሲደርቅ ክፍተቶቹን ይደፍናቸዋል፤ ቀዩም መግቢያ ያጣል። ከተቻለ ደግሞ ነጩን ሙሉ በሙሉ ከጨረሱ በኋላ፣ ፕላስተር ከመለጠፍዎ አስቀድመው፣ ልብሱን በሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ይሸፍኑት። ደብዛዛ ቀለም በአጉሊ መነጽር ሲታይ ሸካራ ነው፤ ፕላስተሩ የሚይዘው ጫፍ ጫፉን ብቻ ነው። በለሰለሰ ላይ ግን ሙሉ በሙሉ ይቀመጣል። ድብዘዛውን በመጨረሻ በደብዛዛ ቫርኒሽ መመለስ ቀላል ነው።

ስለ አነፋፉም ጥቂት ልበል። ቀዩን እንደ ወተት አቅጥነው፣ ግፊቱን 1 ባር አካባቢ ማለትም 15 ፒ.ኤስ.አይ ያህል አድርገው፣ ከፕላስተሩ በላይ ጀምረው ወደ ክፍቱ ቦታ ይንፉ። አቅጣጫው ከተገለበጠ አየሩ ቀለሙን ወደ ጠርዙ ሥር ይገፋዋል። አንድ ወፍራም ንብር ከሚያስቀምጡ አራትና አምስት ጊዜ እያደረቁ በስሱ ይመላለሱ፤ ወፍራም ንብር ሰርጎ ከመግባቱም በላይ በፕላስተሩ ጠርዝ ላይ እንደ ግድብ ተከምሮ፣ ሲነሣ በጣት የሚዳሰስ እርከን ትቶ ይሄዳል። ፕላስተሩን ቀለሙ ሲነካ የማይይዝ በሆነ ጊዜ፣ ገና ሳይጠነክር፣ ወደ ራሱ አጥፈው በዝግታ ይሳቡት እንጂ ወደ ላይ አይንጠቁት።

ጃኖን በተመለከተ ደግሞ ከፕላስተር ያለፈ ነገር አለ። ጥለት በሸማኔ እጅ ከኩታው ጋር አብሮ የተሸመነ እንጂ በላዩ የተቀባ አይደለም፤ ስለዚህ ጨርቁ ሲታጠፍ አብሮ ይታጠፋል፣ ጨርቁ ሲገባ አብሮ ይገባል። ከፊት ለፊት ሲያዩት ቀጥ እንዲል ብለው መስመሩን በእጥፋቶቹ ላይ ቀጥ አድርገው ከሸፈኑት፣ ጥለቱ ከጨርቁ የተለየ ሪባን መስሎ ይታያል። ማስመሪያ አይጠቀሙ። የጥለቱን ስፋት ያህል አንድ የወረቀት ቁራጭ ቆርጠው፣ ከጃኖው ጫፍ ጀምረው በእያንዳንዱ እጥፋት ውስጥ ከጨርቁ ጋር እያጠፉ ይለኩበትና በቀጭን እርሳስ ነጥብ በነጥብ ምልክት ያድርጉ፤ የፕላስተሩ ክር ነጥቦቹን ተከትሎ ይሂድ። መስመሩ ከፊት ሲታይ የተሰበረ ይመስላል፤ ትክክለኛውም ያ ነው።

አሁን የተበላሸውን ለማስተካከል በምላጭ አይፋቁት። ነጭ ቀለም ቀይን የመሸፈን አቅሙ ደካማ ስለሆነ፣ ቀዩ የሰረገበትን ቦታ በመጀመሪያ በፈዛዛ ግራጫ ወይም በቡናማ ነጭ በቀጭን ብሩሽ ነክተው ይደርቅ፤ ነጩ ከዚያ በኋላ ይምጣ። በጠርዙ ላይ የቀረ ጥቃቅን ወጣ ገባ ካለም፣ በቀዩና በነጩ መካከል እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር ቡናማ መስመር ያስምሩ። በዘጌ የዑራ ኪዳነ ምሕረትን የመቅደስ ግድግዳ ሥዕሎች ቀርበው ተመልክተው ከሆነ፣ አንዱ ቀለም ከሌላው የሚለየው በጥቁር መስመር መሆኑን ያስታውሳሉ። ያቺ መስመር ቅርጹን ለዓይን ታጎላለች፣ የሁለቱ ቀለሞች መጋጠሚያም በእርሷ ሥር ይቀራል። እኛም በትንሽ ምስል ላይ ስናስምራት ልብሱ ከልብሱ ተለይቶ ይነበባል።

ጥያቄ፦ «ፈሳሽ መሸፈኛ ገዝቼ በአንድ ግማሽ አካል ምስል ትከሻ ላይ ቀባሁ። ሲደርቅ ስልጠው ከሥሩ ያለውን ቀለምና ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚነፋውን መነሻ ቀለም) ጠራርጎ እስከ ሬዚኑ ድረስ አነሣው። ዕቃው የተበላሸ ይሆን?» ከፋሲሎ ሰፈር፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ ዕቃውን አይጠርጥሩት፤ ሽፋን የሚያነሣው ቀለም አስቀድሞም ያልያዘ ቀለም ነው። የሬዚን ምስል በሲሊኮን ቅርጽ ውስጥ ፈስሶ ሲወጣ፣ ከቅርጹ እንዲላቀቅ የሚደረግለት ቅባት በላዩ ይቀራል። በዓይን አይታይም፤ ፕራይመሩ ግን በቅባቱ ላይ ያርፋል እንጂ ሬዚኑን አይነክስም። ማንኛውንም የሬዚን ምስል ለብ ባለ ውኃና በዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እያሹ ይጠቡት፤ ከዚያ አንድ ቀን ሙሉ ይድረቅ። ፕራይመሩን ከነፉ በኋላም ቢያንስ 24 ሰዓት ይታገሡ። ወደ ሽፋን ከመግባትዎ በፊት በማይታይ ቦታ፣ ለምሳሌ በደረቱ ሥር፣ ቁራጭ ፕላስተር ለጥፈው ይንቀሉት። ቀለም ይዞ ከመጣ ሥራውን እዚያው ያቁሙና ከመታጠቡ ይጀምሩ።

ሁለተኛው ምክንያት ከፈሳሹ ራሱ የሚመጣ ነው። አብዛኛው ፈሳሽ መሸፈኛ የጎማ ወተት፣ ማለትም ላቴክስ ሲሆን፣ እንዳይረጋ የሚያደርገው አሞኒያ ነው፤ ጠርሙሱን ሲከፍቱ አፍንጫን የሚወጋው ሽታም የእርሱ ነው። አሞኒያ ደግሞ ገና ያልጠነከረ አክሪሊክ ቀለምን ያለሰልሳል። ስለዚህ በትናንት ቀለም ላይ በቀጥታ አያፍስሱት፤ በመካከሉ ቫርኒሽ ይኑር።

አቀባቡ እንዲህ ነው። ጠርሙሱን አይናጡት፤ አረፋው በሽፋኑ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ይሆናል፤ በእያንዳንዱ ቀዳዳም የቀለም ነጥብ ይገባል። በመልካም ብሩሽ አይንኩት፤ አሮጌ ብሩሽን በሳሙና ነክረው ወይም በስቲኪኒ ይቀቡት። ሳስቶ የተቀባ ሽፋን ሲነሣ እየተበጣጠሰ በየቦታው ስለሚቀር ወፈር አድርገው ያኑሩት። ነጭ ሆኖ ገብቶ ብርሃን አስተላላፊ ሲሆን ደርቋል ማለት ነው። ሲጨርሱ ጠርዙን በወረንጦ አንሥተው ወይም በላዩ ፕላስተር ለጥፈው ይሳቡት፤ ያደረ ላቴክስ እየከረረ ስለሚሄድ በዚያው ቀን ቢነሣ ይመረጣል።

ይህን የምለው ከራሴ ጉዳት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት የአፄ ቴዎድሮስን ግማሽ አካል ምስል ስቀባ፣ ልብሱን ለመንፋት ስል ሹሩባቸውን በፈሳሽ መሸፈኛ ሸፈንኩት። ጾመ ፍልሰታ ገብቶ ስለ ነበር ሥራውን እንዳለ ትቼ ወደ ዘጌ ተሻገርኩ። ሱባኤው ሲያልቅ ስመለስ ላቴክሱ በየጉንጉኑ መካከል ባሉት ጎድጎዶች ውስጥ ጠጥሮ አገኘሁት፤ በወረንጦና በመርፌ ሦስት ምሽት ስለቅም አምሽቼ፣ ከእርሱ ጋር የሹሩባው ጥቃቅን ቅርጽ ተላጠ። ያንን ምስል እስከ ዛሬ ድረስ ሳየው ያዝናል ልቤ። ከዚያ ወዲህ በፀጉር፣ በጢምና በጎፈር ላይ ፈሳሽ መሸፈኛ አድርጌ አላውቅም፤ እናንተም እንዳታደርጉ እለምናለሁ። ጎድጎድና ጉንጉን ያለበት ቦታ በመጨረሻ በብሩሽ ይቀባል።

ጥያቄ፦ «የአንድ አረጋዊ መነኩሴ ግማሽ አካል ምስል አለኝ። ፊቱን በኤርብራሽ ቀብቼ ደስ ብሎኛል፤ አሁን ቆቡንና ካባውን ለመንፋት ፊቱን በምን ልሸፍን? በፕላስተር ስሞክር ጠርዙ እንደ ጭምብል ተቆርጦ ይታያል።» ከጎርጎራ

መልስ፦ በጥያቄዎ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ጠርዞች አሉ፤ በአንድ ዓይነት ሽፋን ልንይዛቸው ስንሞክር ነው ጭምብል የሚመጣው። ቆቡ ከግንባሩ ጋር የሚገናኝበት መስመር በተፈጥሮው ጥርት ያለ ነው፤ አንዱ ጨርቅ ሌላው ቆዳ ነውና። ከዚያ መስመር በታች በግንባሩ ላይ የሚወርደው የቆቡ ጥላ ግን የደበዘዘ ነው። ጢሙ ከጉንጩ ጋር የሚገናኝበት ደግሞ ከሁሉም ይልቅ የደበዘዘ ነው፤ ፀጉር ከቆዳ የሚበቅለው ሳሳ እያለ ነውና እዚያ ላይ ፕላስተር ፈጽሞ መግባት የለበትም።

ለደበዘዘው ጠርዝ፣ ወረቀት በግድግዳ ላይ የሚያጣብቀውን እንደ ማስቲካ ያለ ለጣፊ እመክራለሁ። በመዳፍዎ መካከል አሽተው የ2 ወይም የ3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ትል ያድርጉትና ሳይጫኑት በመስመሩ ላይ ያሳርፉት። ትሉ ክብ ስለሆነ ከቆዳው ጋር የሚነካካው በሆዱ ብቻ ነው፤ ጎኑ ከፍ ብሎ ስለሚቀር ቀለሙ በሥሩ ትንሽ ይገባና ጠርዙ ይለሰልሳል። ትሉ በወፈረ መጠን ጠርዙ ይበልጥ ይደበዝዛል፤ ከተጫኑት ግን ተዘርግቶ እንደ ፕላስተር ይቆርጣል። በሚያዝያ ሙቀት ለጣፊው ስለሚላላ ከመጠቀምዎ በፊት ለጥቂት ደቂቃ በቀዝቃዛ ውኃ አጠገብ ያቆዩት፤ የቀረ ቅሪት ካለም በዚያው ለጣፊ ጉብ ጉብ እያደረጉ ያንሡት። በአንዳንድ ቀለም ላይ የሚያብረቀርቅ ቅባት ይተዋል፤ የመጨረሻው ደብዛዛ ቫርኒሽ ያጠፋዋል።

ለግንባሩ ጥላ ግን ምንም ነገር መለጠፍ አያስፈልግም። የቆቡን ጠርዝ ቅርጽ ይዞ የተቆረጠ ካርቶን በግራ እጅዎ ከግንባሩ 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር አርቀው ይያዙትና ከላይ ወደ ታች በጣም ስስ ጥቁር ቡናማ ይንፉ። ካርቶኑ በቀረበ ቁጥር ጥላው ይጠራል፣ በራቀ ቁጥር ይለሰልሳል። ይህን በአሮጌ ወረቀት ላይ ግማሽ ሰዓት ቢለማመዱት፣ ስለ ሽፋን ከሚጻፍ ብዙ ገጽ ይልቅ እጅዎ ራሱ ይማራል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ የምስሉ ራስ ከደረቱ ጋር ተጣብቋል? ብዙ ግማሽ አካል ምስሎች ራሱ ተለይቶ ነው የሚመጡት፤ ካልተጣበቀ አያጣብቁት። በአንገቱ ሥር በጥንቃቄ ቀዳዳ በስተው የ1 ሚሊ ሜትር ሽቦ ይትከሉበትና ሽቦውን በቡሽ ላይ ሰክተው ፊቱን ለብቻው፣ ካባውን ለብቻው ይቀቡ። እኔ በዚህ መንገድ የሸፈንኩትን ያህል በጥሩ ሁኔታ የሸፈነ ፕላስተር አላየሁም። መሸፈን ያለበት የሚጋጠሙት ፊቶች ብቻ ናቸው፤ ሱፐር ግሉ በቀለም ላይ ሲቀባ የሚይዘው ቀለሙን እንጂ ሬዚኑን ስላልሆነ፣ ቀለሙ ሲለቅ ራሱም አብሮ ይወድቃል። በሁለቱም መጋጠሚያ ላይ ቁራጭ ፕላስተር ለጥፈው ይጀምሩ።

ጥያቄ፦ «ጋራዥ ውስጥ መኪና የሚቀቡ ሰዎች የሚጠቀሙበት ርካሽ የወረቀት ፕላስተር ይሆናል?» ከወረታ

መልስ፦ ለመጠቅለያውና ለሰፊው ቦታ ይሆናል፤ ለጠርዙ አይሆንም። ወረቀቱ ወፍራምና ሽብሽብ ያለው ስለሆነ በሽብሽቡ ሥር ቀለም ይገባል፤ ሙጫውም ለብረት ታስቦ የተሠራ በመሆኑ በትንሽ ምስል ላይ ይበረታል። ሌላ ከሌለዎት መጀመሪያ በልብስዎ ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ እየለጠፉ ኃይሉን ያድክሙት፤ ጠርዙንም በመስተዋት ላይ አዲስ ይቁረጡለት። የቧንቧ ሠራተኞች የሚጠቀሙበት ነጭ ቴፍሎን ደግሞ ሙጫ ስለሌለው ክንድ፣ ጦር ወይም ጠመንጃ ለመጠምጠም እጅግ ደስ የሚል ነው። ዋጋው ትንሽ፣ ጉዳቱ ምንም ነው።

ጥያቄ፦ «ቤቴ ለጣና በጣም ቅርብ ነው። ክረምቱ ከገባ ጀምሮ ኤርብራሹ በየመካከሉ ውኃ ይተፋል፤ ፕላስተሩም በምስሉ ላይ አልይዝ ብሎኛል። በጋ ላይ እንዲህ አልነበረም።» ከባሕር ዳር

መልስ፦ ሁለቱም ችግሮች ምንጫቸው በአየሩ ውስጥ ያለው እርጥበት ነው። ኮምፕረሰር አየሩን ሲጨምቀው ይሞቃል፤ የጋለው አየር በገንዳውና በቱቦው ውስጥ ሲቀዘቅዝ የያዘው ተን ውኃ ሆኖ ይወርዳል። በሐምሌና በነሐሴ የሐይቁ ዳር አየር በእርጥበት የተሞላ ስለሆነ፣ በመጋቢት ጠብታ የማይወጣበት መሣሪያ አሁን ሊተፋ ይችላል። በኮምፕረሰሩና በኤርብራሹ መካከል የውኃ ማጥመጃ ይኑርዎት። ማጥመጃውን ከኮምፕረሰሩ አፍ ላይ ከመግጠም ይልቅ ረዘም ካለ ቱቦ በኋላ ቢያደርጉት ይሻላል፤ ገና የጋለ አየር ውኃውን በተን መልክ ይዞት ያልፋልና። ገንዳ ካለው ደግሞ ከሥሩ ያለውን መክፈቻ በየሥራው መጨረሻ ከፍተው ውኃውን ያፍስሱ።

ፕላስተሩ ያልያዘው ቀለሙ ውስጡ ስላልደረቀ ነው። በውኃ የሚቀጥን ቀለም በእርጥብ አየር ላይኛው ፊቱ ደርቆ ውስጡ ይዘገያል፤ በጋ ላይ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይሸፍኑት የነበረውን አሁን እስከ ማግሥቱ ያቆዩት። ሐይቁ ጉም በሚለብስበት በማለዳ ከመሥራት ረፋድ ላይ ወይም ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ስትወጣ ይሥሩ። ለማፍጠን ብላችሁ ምስሉን ከከሰል ማንደጃ አጠገብ እንዳታስቀምጡ ሁላችሁንም አደራ እላለሁ። ሙቀቱ የፕላስተሩን ሙጫ ያቀልጠዋል፤ ከዚህ የከፋው ደግሞ በቲነር የሚቀጥን ቀለም ተኑ በእሳት መያያዙ ነው። ቡና በሚፈላበት ክፍል ውስጥ እንዲህ ያለ ቀለም አይነፋም። መስኮት ተከፍቶ፣ ለቀለም ተን የሚሆን ማጣሪያ ያለው የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ ተደርጎ ይሠራል፤ ሽታ የሌለው የውኃ ቀለም ቢሆንም እንኳ ብናኙ ወደ ሳንባ ይገባል።

በጋ ላይም የራሱ ፈተና እንዳለው አይርሱ። ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ሲደርቅ ቀለሙ ምስሉ ላይ ሳይደርስ በአየር ላይ ይደርቅና እንደ ዱቄት ያርፋል። በዱቄት ላይ የተለጠፈ ፕላስተር ደግሞ ሁልጊዜ ያሰርጋል። በዚያን ጊዜ መድረቅን የሚያዘገይ ፈሳሽ ጥቂት ጠብታ ጨምረው ይንፉ፤ በመርፌው ጫፍ ላይ የሚደርቀውንም ቀለም በእርጥብ የጥጥ እንጨት እየጠረጉ ይቀጥሉ።

ጥያቄ፦ «የዘማቹ ጋሻ ክብ ነው፤ በላዩ ላይ ክብ ክብ የብር ጌጥ ለመንፋት ከፕላስተር ቀለበት ቆርጬ ብለጥፍ በዙሪያው ይጨማደዳል።» ከሐሙሲት

መልስ፦ የኛ ጋሻ መሐሉ ጎበጥ ያለ ስለሆነ ነው። ጠፍጣፋ ወረቀት በጉብታ ላይ ሳይጨማደድ አይቀመጥም፤ ኳስን በወረቀት መጠቅለል እንደማይቻል ሁሉ። ቀለበቱን በስድስት ወይም በስምንት ቁራጭ ከፍለው፣ ጫፎቹን በትንሹ እያነባበሩ በየተራ ይለጥፏቸው፤ ወይም ከወረቀት ይልቅ የሚለጠጥ ስስ የፕላስቲክ ፕላስተር ይጠቀሙ። የጋሻው መሐል እምብርት ላይ ላለው ጌጥ ግን ጨርሶ ፕላስተር አይጠቀሙ። ጋሻውን በሙሉ ብር ቀብተው ሲደርቅ እምብርቱን በፈሳሽ መሸፈኛ ነክተው፣ የቆዳውን ጥቁር ቡናማ በላዩ ይንፉ፤ ሽፋኑ ሲነሣ ብሩ ከሥር ይወጣል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ብዙ ድካም ያስቀራል።

ጥያቄ፦ «28 ሚሊ ሜትር ቁመት ያላቸው ሠላሳ ተዋጊዎች አሉኝ። ለእያንዳንዳቸው መሸፈን ሊያሳብደኝ ነው። ግዴታ ነው?» ከሰፈነ ሰላም፣ ባሕር ዳር

መልስ፦ ታናሽ ወንድሜ፣ ከደብዳቤህ ገና ጀማሪ መሆንህን ስለ ተረዳሁ በሙሉ ልብ አይደለም እልሃለሁ። በዚህ መጠን የሰው ራስ ከስንዴ ፍሬ ብዙ አይበልጥም፤ ፕላስተር ቆርጠህ እስክትለጥፍ ድረስ በብሩሽ ሁለት ሰው ቀብተህ ትጨርሳለህ። ኤርብራሹን ብርሃንና ጥላ ለማስያዝ ብቻ ተጠቀምበት። ሠላሳውንም በአንድ ጣውላ ላይ ደርድረህ በጥቁር ፕራይመር ሸፍናቸው፤ ከዚያ ግራጫውን ከጎን፣ ነጩን ደግሞ ከራሳቸው በላይ ብቻ ንፋ። ጣራ ላይ የሚወርድ ዝናብ ከጣራው ሥር እንደማይደርስ፣ ነጩም ከአገጭ በታች፣ ከክንድ ሥርና ከጋሻው ጀርባ አይደርስም፤ ምስሉ ራሱን በራሱ ይሸፍናል። በላዩ ላይ ስስ ቀለሞችን በብሩሽ ስታስኬድ ጥላው ከሥር ይታይልሃል። ከዚያ አንዱን፣ የምትወደውን አለቃቸውን፣ ለይተህ የልብሱን ጥለት በ1 ሚሊ ሜትር ክር ሸፍነህ ሞክር፤ ጠርዙ ከሰረገብህም ከላይ ለሽምብጡ ጠያቂ የጻፍኩትን የነጭ ቀለም እርምጃ ሳትዘል ድገመው።